የጉቶው ሕይወትና የሰማዩ ምስክር

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከከተማዪቱ ራስጌ የቆመውን የዳሞታን ተራራ ወደ ኋላው ትቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ የሁምቦን ወረዳ ያገኛል። የሁምቦ ተራሮች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት መልክ ያሳዩ ተራሮች ናቸው። አስቀድሞ ዛፋቸው ለማገዶና ለከሰል ተቆርጦ፣ አፈራቸው በጎርፍ ታጥቦ፣ ድንጋያቸው ገጦ የቆሙ ነበሩ። ዛሬ ግን እነዚያው ተራሮች ጥላ አላቸው፤ ከጥላውም ሥር ሣር አላቸው።

ይህን የሰማ አስተዋይ ሰው፣ «ለመሆኑ ተራራው ቀድሞ ራቁቱን እንደ ነበረ ማን ይመሰክራል? ዛሬስ መልበሱን ማን መርምሮ አረጋገጠ?» ብሎ ቢጠይቅ አያስነቅፈውም። የሽማግሌ ቃል የከበረ ነው፤ ነገር ግን የሰው ትዝታ ያለፈውን አንድ ጊዜ ያገዝፈዋል፣ አንድ ጊዜም ያሳንሰዋል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርትም ቢሆን የተተከለውን ችግኝ ይቈጥራል እንጂ የጸደቀውን ሁልጊዜ አይቈጥርም። ስለዚህ የዘመናችን የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት አንድ ሌላ ምስክር ከሰማይ ጠርተዋል። ይህም ምስክር ምድርን ከሩቅ ሆኖ የሚቃኝ ሳተላይት ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህ ምስክር ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ፣ ደግሞም እርሱ ያላየውን ማን ሊያይለት እንደሚገባ እናወሳለን።

አስቀድመን ተራራው እንዴት እንደ ለበሰ እንመልከት። ሁምቦ በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ጽኑ ረኀብ ካጎሳቈላቸው ስፍራዎች አንዱ ነበረ። ወርልድ ቪዥን የተባለው የርዳታ ድርጅትም ወደ ወረዳው የገባው በዚያው በረኀቡ ዘመን ነው። ረኀቡ ካለፈ በኋላ ግን የረኀቡ ሥር ገና አልተነቀለም ነበር። ሕዝቡ በዛ፤ ማሳው ጠበበ፤ ችግር የጸናበት ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። የተቆረጠው እንጨት የጥቂት ቀን እህል ሆነ፤ የሄደው አፈር ግን የሚመለስ አልሆነም።

ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁምቦ ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን፣ ከመንግሥት ሠራተኞችና ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር 2,728 ሄክታር የሚሆን የተራቈተ ተራራ መልሰው ለማልበስ ተነሡ። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ተደራጁ፤ ደኑን የመጠበቅና ከደኑ በሚገኘው ጥቅም የመጠቀም መብትም በሕግ ተሰጣቸው። የሥራቸው ብልሃት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ችግኝ መትከል ብቻ አልነበረም። ዛፉ ተቆረጠ እንጂ አልሞተም ነበርና፣ ከመሬት በታች ሥሩ ሕያው ሆኖ በየዓመቱ ያቈጠቍጥ ነበር። ያቈጠቈጠውን ሁሉ ግን ፍየልና መጥረቢያ ስለሚቀድሙት፣ ቍጥቋጦ ሆኖ ይቀር ነበር እንጂ ዛፍ ለመሆን አይታደልም ነበር። ስለዚህ ተራራውን ከከብት ከለሉት፤ ከአንዱ ጉቶ ከበቀሉት ብዙ ቀንበጦች ብርቱ ብርቱውን መርጠው አስቀሩ፤ የቀረውን ገረዙት። ጉቶ በሌለበት ስፍራ ከችግኝ ጣቢያ አምጥተው ተከሉ። ከአሮጌ ጉቶ የበቀለ ቀንበጥ ዝናብ ቢዘገይበት እንኳ እንደ አዲስ ችግኝ ቶሎ አይደርቅም፤ ጥልቅ የሆነው የእናቱ ሥር ያጠጣዋልና።

ይህን ብልሃት ለዓለም በሰፊው ያስታወቀው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያ ነው። ሪናውዶ በምዕራብ አፍሪካ በኒጀር አገር፣ በማራዲ አውራጃ ችግኝ እየተከለ ችግኙ ይደርቅበት ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሸዋ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ሳለ፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቍጥቋጦ ቀርቦ ቢመለከተው፣ ቅጠሉ የቍጥቋጦ ሳይሆን የተቆረጠ ዛፍ ቅጠል ሆኖ አገኘው። በረሃ የመሰለው ምድር በሙሉ፣ ከሥሩ በሕይወት ያለ ደን ነበር። ሪናውዶ ለዚህ ሥራው በ2018 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብሏል።

ወደ ሁምቦ እንመለስ። ተራራን መከለል ሲነገር የቀለለ፣ ሲኖሩት ግን የከበደ ነገር ነው። ተራራው ሲከለል፣ ከብቱን በዚያ ያሰማራ የነበረ ገበሬ ሣር እያጨደ ወደ ቤቱ መሸከም ግድ ሆነበት። ከሰል አክስሎ ልጁን ያስተምር የነበረ ሰው ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረበት። ይህ ሁሉ መሥዋዕትነት የተከፈለው በተስፋ ነው። ስለዚህ የሰዎቹ ድካም በትክክል እንዲታይና በትክክል እንዲለካ ማድረግ የፍርድ ጉዳይ እንጂ የሳይንስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መለኪያውም በእርግጥ ከገንዘብ ጋር ተያይዞ ነበር። ዛፍ ሲያድግ በአየር ላይ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ እንጨት ያደርገዋል። የኪዮቶ ስምምነት በሚሠራበት ዘመን፣ አየሩን በጢስ ያበዙት ባለጸጋ አገሮች ለእንደዚህ ያለ ሥራ ዋጋ የሚከፍሉበት ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። የሁምቦ ሥራም በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. (በ2002 ዓ.ም.) በዚህ መዝገብ ሰፈረ፤ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል ተብሎም ተገመተ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ከዚሁ ከፊሉን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ገንዘቡም ለማኅበሮቹ የጋራ ጥቅም እንዲውል ሆነ። ሥርዓቱ ግን አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። መሬቱ ከ1989 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ተመንጥሮ እንዳልሆነ፣ ይኸውም በታኅሣሥ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. ደን እንዳልነበረበት፣ ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነበር። ይህም ሕግ የወጣው ማንም ስግብግብ የቆመውን ደን ጨፍጭፎ፣ መልሶ በመትከል ገንዘብ እንዳይቀበልበት ነው። ለዚህ ማስረጃ በመጀመሪያ የሚጠቀሱት ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችና የሳተላይት ምስሎች ነበሩ። እነዚያ ቢታጡ ብቻ የአገሬው ሰው ቃል ተጠይቆ ይጻፍ ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት የነበረውን ተራራ ዛሬ ማየት እንዴት ይቻላል? ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ላንድሳት የተባለውን የመጀመሪያ ሳተላይት በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ካወጣ ጀምሮ፣ በተራ እየተተኩ የሄዱት ሳተላይቶች የምድርን መልክ ከ50 ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ይህ መዝገብ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዋጋ ለሁሉ ተከፍቷል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህም ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ይበልጥ የጠራ ምስል ይሰጣሉ። አገራችንም ብትሆን በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መቃኛ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፋ፣ ከእንጦጦ ጣቢያ ሆነው ልጆቿ እንዲቈጣጠሯት አድርጋለች።

ሳተላይቱ ዛፍን የሚያውቀው በብርሃን ነው። ለምለም ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ይውጣል፤ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ነውና። ኢንፍራሬድ የተባለውንና የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ራቁት አፈር እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሁለቱን ብርሃን መጠን አነጻጽረው፣ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ልምላሜ አለ፣ ጠባብ ከሆነ ምድሩ ተራቍቷል ብለው ይፈርዳሉ።

የላንድሳት ምስል እንደ ሰሌዳ በትንንሽ ክፍሎች የተሸመነ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በምድር ላይ ወርዱም ርዝመቱም 30 ሜትር የሆነ ስፍራ ነው። በዚህ ስሌት የሁምቦ 2,728 ሄክታር ከ30,000 በላይ ክፍሎች ይሆናል። በሴንቲኔል ሁለት ምስል ደግሞ የክፍሉ ወርድ 10 ሜትር ስለሆነ፣ ያው ተራራ ከ270,000 በላይ ክፍሎች ይወጣዋል። አንድ ሰው በእግሩ እየዞረ ይህን ሁሉ በየወሩ ሊመለከት አይቻለውም። የሥነ ምኅዳር ባለሙያው ግን በጠረጴዛው ተቀምጦ የአምናውን ጥር ከዘንድሮው ጥር ጋር ያስተያያል፤ የት እንደ ለመለመ፣ የት እንደ ሳሳም ያውቃል።

የዚህን ዓይን ጥቅም የኒጀር ታሪክ ያስረዳል። በዚያ አገር ገበሬዎች በየማሳቸው ከጉቶ ዛፍ ማሳደጉን አንዱ ከሌላው እየተማረ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ወሬ ሲሠሩት ኖሩ። በኋላ ግሬይ ታፓን የተባለ አሜሪካዊ የካርታ ሊቅና ክሪስ ሬይ የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ ከኒጀር ሊቃውንት ጋር ሆነው የጥንቱን የአውሮፕላን ፎቶግራፍ ከአዲሱ የሳተላይት ምስል ጋር ቢያስተያዩት፣ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ምድር ዛፍ ለብሶ ተገኘ። ሥራውን የሠሩት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ሳተላይቱ ያደረገው እነርሱ የሠሩትን ለማያምነው ዓለም መመስከር ነው።

ሆኖም ምስክር ሁሉ መመርመር ይገባዋል። የሰማዩም ምስክር የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በክረምት ደመና ዓይኑን ይሸፍንበታል። ሁለተኛ፣ በቆላማው የሁምቦ ምድር በበጋ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች ስላሉ፣ የካቲትን ከመስከረም ጋር ያስተያየ ሰው ዛፉ ቆሞ ሳለ ተቆርጧል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ሳተላይቱ ልምላሜን ያያል እንጂ የልምላሜውን ዓይነት በቀላሉ አይለይም። በወላይታ በየጎጆው ዙሪያ የሚለማው እንሰት ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው፤ የባሕር ዛፍ ተክልም ለምለም ነው፤ ዋንዛና ዝግባ የሞላበት የጥንት ደንም ለምለም ነው። አገራችን በ2007 ዓ.ም. በወሰነችው ትርጓሜ፣ ከግማሽ ሄክታር የማያንስ ቦታ ላይ ቍመቱ ቢያንስ 2 ሜትር የሆነ፣ ጥላውም ከመሬቱ ቢያንስ 20 በመቶውን የሚሸፍን ዛፍ ሁሉ ደን ይባላል። በዚህ ትርጓሜ ባሕር ዛፍም ደን ነው። ከሥሩ ግን ምን ይበቅላል? ምን ወፍ ይጠለልበታል? ይህን የሚያውቀው ወርዶ ያየ ሰው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ በአማራ ክልል የሚገኙት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። በሳተላይት ምስል ላይ ደቡብ ጎንደርን የተመለከተ ሰው፣ በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል እንደ ቁልፍ የተሰፉ አረንጓዴ ክቦችን ያያል፤ የእያንዳንዱም መካከል ቤተ ክርስቲያን ነው። ተመራማሪዎች ከ1938 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ የአውሮፕላን ፎቶግራፎች ጀምሮ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ያሉትን ምስሎች ቢያስተያዩ፣ በዙሪያቸው ብዙ ነገር ሲለወጥ የደኖቹ ስፋት በብዙው ጸንቶ መኖሩን አግኝተዋል። አባቶቻችን ያለ ሳተላይት፣ ያለ ዘበኛ፣ በክብር ብቻ የጠበቁት ደን ነውና ይህ የሚያስደስት ምስክርነት ነው።

ነገር ግን የደን ሥነ ምኅዳር ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ በእግራቸው ገብተው በመረመሩ ጊዜ፣ ከላይ የማይታይ ነገር አገኙ። ደኖቹ 168 ዓይነት ዛፍና ቍጥቋጦ የያዙ መዝገቦች ነበሩ፤ ነገር ግን ከብት በሚገባበት ስፍራ ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር ተተኪ ችግኝ ጥቂት ነበር። የበቀለውን ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋልም። አያት ብቻ ያሉበት፣ የልጅ ልጅ የሌለበት ቤት ከውጭ ሲያዩት ምንም የጐደለው አይመስልም። የእንደዚህ ያለው ደንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከሰማይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ሲያዩት ግን ወራሽ የለውም። ስለዚህ ዶክተር ዓለማየሁና ማርጋሬት ሎውማን የተባሉት አሜሪካዊት የዛፍ ሊቅ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተማክረው፣ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲታጠር አደረጉ። ድንጋዩንም ገበሬዎች ከየማሳቸው ለቅመው ስላመጡት፣ ማሳው ጠራ፣ ደኑም ታጠረ።

ከዚህ የምንማረው፣ መልካም የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ሁለት ሥራ እንዳለው ነው። በምስሉ ላይ ጥርጣሬ ያሳደረበትን ስፍራ ይመርጣል፤ ከዚያም ጂፒኤሱን ይዞ ወደዚያው ስፍራ በእግሩ ይወጣል። የዛፉን ውፍረት በሰው ደረት ልክ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ በሜትር ይለካል፤ ችግኙን ይቈጥራል፤ እረኛውንም ይጠይቃል። የካርቦኑ ሒሳብ የሚወጣው ከሁለቱ ተገናኝቶ ነው።

በተለይም እረኛውን መጠየቅ አይዘንጋ። ሳተላይቱ ትናንት የነበረው ዛፍ ዛሬ አለመኖሩን ይናገራል፤ ማን እንደ ቆረጠውና ስለ ምን እንደ ቆረጠው ግን አይናገርም። ነጋዴ በጭነት መኪና አጋዘው? እሳት በላው? ወይስ አንዲት ድኻ እናት ለልጆቿ ራት ማብሰያ አጥታ ነው? በምስሉ ላይ የሦስቱም ቍስል መልኩ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ምስሉን ብቻ አይቶ የሚቀጣ ሹም፣ ከሳሽን ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን ደግሞ አንድ ቍጥር እንጥቀስ። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችውና በሳተላይት ምስል ላይ በተመሠረተው ሒሳብ መሠረት፣ ከ2000 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ያህል ደን ይጠፋ ነበር፤ መልሶ የሚለማው ደግሞ 19,000 ሄክታር ያህል ነበር። ይህም ማለት አምስት እጅ ስናጣ አንድ እጅ እናተርፍ ነበር ማለት ነው። ሁምቦ በብዙ ዓመት ድካም ያለበሰውን የሚያህል ስፍራ፣ አገሪቱ በአንድ ዓመት ብቻ 33 ጊዜ ታጣ ነበር። ይህን የነገረን ከሰማይ የሚያይ ዓይን ነው፤ የሚያቆመው ግን እርሱ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የእኛ የቤተ ሰቦች ድርሻ ምንድር ነው? የደኑ ዕጣ በብዙው የሚወሰነው በጓዳችን ነውና፣ ከጓዳችን እንጀምር። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ የምትጋግር እናት፣ ነበልባሉ በዙሪያው ስለሚባክን ብዙ እንጨት ታነዳለች፤ ጢሱም ዓይኗንና ሳንባዋን ይጐዳል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቈጥባል፤ «ላቀች» የተባለውም የከሰል ምድጃ ከሰል ያተርፋል። የቤቱ አባወራ ለበዓል ልብስ እንደሚያስብ ለዚህም ቢያስብ፣ ለሚስቱ ጤና፣ ለተራራውም ዕረፍት ይሰጣል። በእርሻው ዳር ጉቶ ያለው ገበሬም ነቅሎ ከመጣሉ በፊት፣ አንድ ሁለት ቀንበጥ ትቶለት ሦስት ክረምት ያህል ቢጠብቀው፣ የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያገኘው ብዙ ነው። የአጥቢያችን ደን ከብት የሚገባበት ከሆነ፣ ካህናቱና ሰበካ ጉባኤው ስለ አጥሩ ይማከሩ።

ለወጣቶችም አንድ ቃል አለን። የሳተላይቱን ምስል ማንበብ ዛሬ የባዕዳን ብቻ ጥበብ አይደለም፤ መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ወላይታ ሶዶም የራስዋ ዩኒቨርሲቲ አላት። የዳሞታንና የሁምቦን ምስል ለማንበብ ግን፣ የዛፉን ስም ከአያቱ የተማረ፣ የምንጩን ቦታ በልጅነቱ ውኃ ቀድቶበት የሚያውቅ ልጅ ከሁሉ ይበልጣል። ምስሉ ላይ አንድ ክፍል ብቻ የሆነው ስፍራ፣ ለእርሱ የተወለደበት ቀዬ ነውና።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ሳተላይት ምስክር ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም። ጠባቂው በበጋ ሣሩን አጭዶ የሚሸከመው፣ ቀንበጡን የሚገርዘው፣ የሚሸጥ እንጨት እያየ መጥረቢያውን የሚያስቀምጠው ሰው ነው። የሰማዩ ምስክር እውነቱን እንዲናገርለት፣ የምድሩም ፍርድ ድካሙን እንዲቈጥርለት ይገባል። የሁምቦ ጉቶ እንዳስተማረን፣ የሞተ የሚመስለው ሁሉ የሞተ አይደለም፤ የሚታገሠው ሰው እስካገኘ ድረስ።